ቀለም ብቻ

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ሐይቅ ከተማ፣ የነባር ጭቃ ቤቶች እድሳት የሚታቀድበት ዘዴ ለገንዘብ ሚኒስቴርም ትምህርት ይሆናል። በጀቱ አንድ መስመር ነው፦ «ቀለም ብቻ»።

ቀለም ቀቢው ግድግዳውን ሲፍቀው ምርጊቱ ይረግፋል። ምርጊቱ ሲረግፍ ምስጥ የበላው ባሕር ዛፍ ብቅ ይላል። (ምስጡ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ሥራውን በጊዜው የጨረሰ ብቸኛው ባለሙያ ነው።) እንጨቱን ለመቀየር ቆርቆሮው ይነሣል፤ የተነሣ ቆርቆሮ ደግሞ በድሮው የምስማር ቀዳዳ ስለሚያፈስ ተመልሶ አይመታም። ግንበኛው ይህን ሁሉ «ትንሽ ነገር» ይለዋል።

አስተዋይ ባለቤት ሲሚንቶ ቀድሞ አይገዛም፤ እስኪረክስ ይጠብቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሲሚንቶ እስኪረክስ የሚጠብቀው ባለቤት ግን ንቅንቅ አላለም። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን የመሩት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እዚያው አጠገቡ ነው፤ ትዕግሥት ለአገሩ እንግዳ አይደለም።

በመጨረሻ ከነባሩ ቤት አንድ መዝጊያ ይተርፋል። ለአዲሱ በር ስለጠበበ ለማድቤት ተመድቧል፤ ማድቤቱም በመዝጊያው ልክ እንዲሆን በሚመጣው በጋ ይፈርሳል።