ድህነት፣ በደርሶ መልስ ቲኬት

አውሮፓ በጋው ሲገባ፣ ማለትም እኛ ዘንድ ሰኔ ግም ሲል፣ አንድ የተከበረ ሥርዓት ይጀመራል። በወላጆቹ ቤት የራሱ መኝታ ክፍል ያለው፣ ማቀዝቀዣው ሞልቶ የሚያድርለት ወጣት ግማሽ ቁመቱን የሚያህል ቦርሳ ጀርባው ላይ ጭኖ፣ ሰባት የማያውቃቸው ሰዎች በሚያንኮራፉበት ክፍል ተደራራቢ አልጋ ላይ ሊተኛ ከቤት ይወጣል። ቁርሱ ዳቦ በአይብ ነው፤ ምሳው የቁርሱ ትራፊ ነው። ካልሲውን እጅ መታጠቢያው ላይ ያጥብና የአልጋው ብረት ላይ ያሰጣዋል። የአንድ ሌሊት የአልጋ ሒሳብ ለማትረፍ ባቡር ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያድራል፤ ሲነጋም አንገቱ ተጣሞ፣ ዓይኑ ቀልቶ አዲስ ከተማ ይገባል። ጥቂት ሳምንት እንዲህ ከከረመ በኋላ ቤቱ ተመልሶ ሁሉንም በኩራት ይተርካል፤ ሰሚውም «እንዴት ያለ ጠንካራ ልጅ ነው!» ይላል። ልማዱ ምስጋና ይገባዋል። ድህነት በነጻ በሚታደልበት ዓለም፣ ድህነትን ከፍሎ፣ ያውም ደርሶ መልስ ቲኬት ቆርጦ የሚገዛ ትውልድ ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። የእኔ ክርክር አንድ ነው፤ ይህ ጉዞ መከራ ለብሶ አደባባይ የሚወጣ ምቾት ነው፤ መከራው የሚጣፍጠውም የሚያበቃበት ቀን ቲኬቱ ላይ ስለተጻፈ ነው።

ልማዱ ትናንት የበቀለ አይደለም። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን የእንግሊዝ መኳንንት ልጆቻቸውን «ታላቁ ጉዞ» ወደሚሉት ይሰዱ ነበር፤ ፓሪስ ላይ ዳንስና ጨዋነት፣ ጣሊያን ላይ ሥዕልና የሮምን ፍርስራሽ ቀስመው እንዲመለሱ። ጎረምሳው ብቻውን አይሄድም፤ ሞግዚት መምህር ይከተለዋል። ይህን ሞግዚት ሰው «ድብ ጎታች» እያለ ያላግጥበት ነበር፤ ድቡ ማን እንደሆነ ለአንባቢ እተዋለሁ። ከድብ ጎታቾቹ አንዱ አዳም ስሚዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1764 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ወንበሩን ትቶ የባክሉን ወጣት መስፍን ይዞ ፈረንሳይ ወረደ፤ ለድካሙም በዓመት 300 ፓውንድ ዕድሜ ልኩን ተቆረጠለት። ቱሉዝ ላይ ስልችት ቢለው ጊዜ ማሳለፊያ የሚሆን መጽሐፍ መጻፍ መጀመሩን ለወዳጁ ለዴቪድ ሂዩም በደብዳቤ ነገረው። እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው «የአገሮች ሀብት» ውስጥ ደግሞ፣ ገና ለጋ ሳለ ወደ ውጭ የተላከ ልጅ ከሄደበት ይበልጥ ተኮፍሶ፣ ይበልጥ ልቅ ሆኖ፣ ትምህርትም ሆነ ሥራ ጠንክሮ መያዝ አቅቶት እንደሚመለስ አስረግጦ ጻፈ። ገንዘቡን ግን አልመለሰም።

የመኳንንቱን ጨዋታ ለሁሉም እናዳርሰው ያሉ ቅን ሰዎች በኋላ መጡ። ሪቻርድ ሺርማን የተባለ ጀርመናዊ አስተማሪ እ.ኤ.አ. በ1909 ተማሪዎቹን በእግር ይዞ ሲጓዝ ዝናብ ደርሶበት ትምህርት ቤት ውስጥ አደረ፤ ለልጆች ርካሽ ማደሪያ የማዘጋጀት ሐሳብ ያኔ መጣለት፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም አልቴና ላይ በአንድ ጥንታዊ ግንብ ውስጥ የመጀመሪያው የወጣቶች ማደሪያ ተከፈተ። ሐሳቡ የፋብሪካ ከተማ ልጆች ንጹሕ አየር እንዲያገኙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 የባቡር ድርጅቶች ማኅበር 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር ኢንተርሬይል የሚባለውን ማለፊያ አወጣ፤ ዕድሜው ከ21 በታች የሆነ ሁሉ በአንድ ቲኬት አገር ለአገር እንዲዞር። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ የአውሮፓ ኅብረት ራሱ ለ18 ዓመት ወጣቶች የባቡር ማለፊያ በውድድር ያድላል። እንግዲህ የድህነት ልምምዱ በመንግሥት ድጎማ ደረጃ ደርሷል ማለት ነው። በነገራችን ላይ፣ ማለፊያውን ይዞ ፈጣኑ የፈረንሳይ ወይም የጣሊያን ባቡር ላይ መሳፈር ለፈለገ የወንበር ማስያዣ ለብቻው ይከፈላል፤ ነጻነትም ተጨማሪ ሒሳብ አላት።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ ተቸግሮ ምን ያያል? ፓሪስ ገብቶ ሉቭር ይሰለፋል። ቤተ መዘክሩ እ.ኤ.አ. በ2024 8.7 ሚሊዮን ሰው አስተናግዷል፤ ከዚህ ውስጥ ብዙው የመጣው ወደ አንዲት ሴት ነው። ሞና ሊዛ ቁመቷ 77፣ ስፋቷ 53 ሳንቲ ሜትር ነው፤ መስታወት ጋርዷት፣ ከፊቷ የተዘረጋ ስልክ የደን ያህል ቆሞ። ጎብኚው ተገፍቶ ተገፍቶ ግንባሩ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ጀርባውን ለሥዕሉ፣ ፊቱን ለስልኩ ይሰጥና ይወጣል። ሠራተኞቹ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ሕዝቡ በዛብን ብለው ሥራ ሲያቆሙ፣ ቲኬት የቆረጠ ሰው ውጭ ፀሐይ ላይ ቀረ። አቴና ለመውጣት ለመረጠ ደግሞ አክሮፖሊስ አለች፤ በ2023፣ በ2024ና በ2025 በጋ ሙቀቱ ሲበረታ ባለሥልጣናት እኩለ ቀን ላይ ዘግተዋታል። በእነዚያ ሰዓታት ኮረብታው ላይ መቆም ለጤና አደገኛ ነውና። ተጓዡ ግን ይህን እንደ ጉድለት አይቆጥረውም። በቦርሳ ጉዞ ሒሳብ ውስጥ ውጣ ውረዱ ራሱ ሸቀጥ ነው፤ የተዘጋ በር፣ ያመለጠ ባቡር፣ ትኋን ያለበት ፍራሽ ሁሉ ለማታ ጨዋታ ስንቅ ይሆናል። ሁሉም ነገር እንደታቀደ የሄደለት ተጓዥ የሚያሳዝን ሰው ነው፤ ምን ብሎ ሊያወራ ነው?

የድህነት ልምምዱ ከተሞቹን ግን አላስደሰተም። ምስጋና ቢሶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 ሁለት ጀርመናውያን ቦርሳ ተሸካሚዎች ቬኒስ ላይ፣ ሪያልቶ ድልድይ ሥር፣ በትንሽ የጉዞ ምድጃ ቡና አፈሉ፤ 950 ዩሮ ተቀጥተው ከከተማው እንዲወጡ ተደረገ። ጀበናና ዕጣን ጨምረውበት ቢሆን ኖሮ ቅጣቱ የት ይደርስ እንደነበር እግዜር ይወቅ። በዚያው ዓመት ሮም የስፔን ደረጃ የሚባለው ዝነኛ መወጣጫ ላይ መቀመጥን ከለከለች፤ ቅጣቱ እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል። ቬኒስ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ውሎ ለሚመለስ እንግዳ፣ ሰው በሚበዛባቸው ቀናት፣ 5 ዩሮ የመግቢያ ማስከፈል ጀመረች። አምስተርዳም በ2023 ለወጣት እንግሊዛውያን ወንዶች «አትምጡብን» የሚል ማስታወቂያ ለቀቀች፤ ፕራግ በ2024 በሌሊት እየተመሩ ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት መዞርን አገደች። ባርሴሎና ላይ ሰልፈኞች በ2024 ሐምሌ እንግዶችን በአሻንጉሊት ሽጉጥ ውኃ ረጯቸው፤ ከንቲባው ደግሞ ለቱሪስት የሚከራዩ ከ10,000 በላይ አፓርታማዎች ፈቃድ በ2028 ሲያበቃ እንደማያድስ አስታወቀ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንዲሉ፣ በኪራይ ውድነት ሠፈሩን ለቆ የሚወጣው በዚህ ጨዋታ ያልገባው ነዋሪ ነው። የቬኒስ ጥንታዊ ክፍል ነዋሪ ከ2022 ጀምሮ ከ50,000 በታች ወርዷል።

እዚህ ላይ የልማዱ ጠበቆች ይነሳሉ። ቬኒስን ያደከማት ቦርሳ የተሸከመው ምስኪን አይደለም፣ ከመርከብ የሚራገፈው ሀብታም ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ለዚህም ነው ጣሊያን በ2021 ግዙፍ መርከቦች በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ፊት እንዳያልፉ የከለከለችው። ግን የመርከቡ ሽማግሌ አንድ ጨዋነት አለው፤ ቪላ መስሎ በሚንሳፈፍ ብረት ላይ ተኝቶ «ተቸግሬ ዓለምን አየሁ» አይልም። ቦርሳ ተሸካሚው ግን ከሁለት ወገን መብላት ይፈልጋል። ገንዘብ ያመጣል ተብሎ እንዲከበር ይሻል፤ ደግሞም በቀን ምን ያህል ትንሽ እንዳወጣ ለጓደኞቹ ይፎክራል። ሁለቱ በአንድ አፍ አይነገሩም። ወይ ለከተማው ገቢ ነህ፣ ወይ ያለ ገንዘብ የኖርክ ጀግና ነህ።

ሁለተኛው ክርክር ይበልጥ የተከበረ ነው፤ ጉዞ አእምሮ ይከፍታል፣ ጭፍን ጥላቻን ያጠፋል ይላል። ይህን የሚክድ ሞኝ ነው። ጥያቄው የትኛው ጉዞ የሚለው ነው። የርካሽ ማደሪያዎቹን ሳሎን እንመልከት፤ አውስትራሊያዊው ከካናዳዊው ጋር፣ ካናዳዊው ከደቹ ጋር፣ በእንግሊዝኛ፣ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄዱና የትኛው ከተማ ቢራ እንደሚረክስ ያወራሉ። የአገሬው ሰው የሚገኘው ከባንኮኒው ጀርባ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የሌላ አገር ስደተኛ ነው። በሁለት ሳምንት ስድስት ዋና ከተማ ያዳረሰ ሰው የስድስት ባቡር ጣቢያ ሊቅ ይሆናል፤ የምግብ ቤቱ እቃ አጣቢ ልጁን የት እንደሚያስተምር አያውቅም። አንድ ዓመት ሙሉ እንግዳ አገር ተቀምጦ የሚማር፣ ወይን የሚለቅም፣ ሽማግሌ የሚጦር ወጣት አለ፤ አውሮፓም እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ኤራስመስ በሚለው መርሐ ግብር ተማሪዎቿን ስትለዋወጥ ኖራለች። የእሱን አእምሮ መከፈት አምናለሁ። የባቡሩ በር ሲከፈት አብሮ የሚከፈተውን አእምሮ ግን በሩ ሲዘጋ ምን እንደሚያደርግ ልጠይቅ።

ነገሩ የሚመረው ግን እዚህ ነው። በአውሮፓ በጋ ቦርሳ ጀርባው ላይ ጭኖ፣ ጣቢያ ወለል ላይ አድሮ፣ አገር ለአገር የሚሻገር ወጣት አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ሰኔ፣ ቬንቲሚሊያ በተባለችው የጣሊያን ጠረፍ፣ ፈረንሳይ ድንበሯን ስታጠብቅ፣ አብዛኞቹ ከአፍሪካ ቀንድና ከሱዳን የመጡ ልጆች ባሕሩ ዳር ድንጋይ ላይ ለሳምንታት አደሩ። ቦርሳ ነበራቸው፤ ካልሲያቸውን ድንጋዩ ላይ ያሰጡ ነበር። በዚያው ሐዲድ፣ በዚያው ሳምንት፣ ባለ ማለፊያዎቹ ወጣቶች ወደ ኒስ ያልፉ ነበር። ሁለቱም ዳቦ በልተዋል፣ ሁለቱም አልታጠቡም፤ አንዱን ፖሊስ ከባቡር ያወርደዋል፣ ሌላውን ተቆጣጣሪው መልካም ጉዞ ይለዋል። የአንዱ ታሪክ ሲነገር ወኔ ይባላል፣ የሌላው ሕገ ወጥ ፍልሰት።

በሕጋዊ መንገድ ልሂድ የሚል ኢትዮጵያዊም ልምምዱን ከቤቱ ሳይወጣ ይጀምራል። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከሰኔ 2024 ወዲህ 90 ዩሮ ነው፤ መልሱ እምቢ ቢሆን ገንዘቡ አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድኅን ያስፈልጋል፤ የባንክ መግለጫ፣ የሥራ ደብዳቤ፣ እመለሳለሁ የሚያሰኝ ማስረጃ ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ደግሞ በሚያዝያ 2024፣ ኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቿን በመመለስ አልተባበረችም በሚል፣ ለኢትዮጵያውያን የማመልከቻ መልስ መስጫውን ከ15 ወደ 45 ቀን አራዘመ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም አስቀረ። እንግዲህ «ያለ ዕቅድ፣ ልብ ወደ መራኝ» የሚለውን የቦርሳ ተሸካሚዎች መርሕ ለቪዛ መኮንኑ ይንገሩትና ይዩት። ከእኛ ወገን ሮምን ያለ ቪዛ፣ ያለ 90 ቀን ገደብ የጎበኘ የአክሱም ሐውልት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ በ2005 ተመለሰ። ያም ቢሆን ተጎብኚ እንጂ ጎብኚ አልነበረም፣ ሲመለስም በሦስት ተቆርጦ ነው።

«ይህ ሁሉ ቅናት ነው» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። አለበት፤ ለምን እክዳለሁ? ቅናት መኖሩ ግን የቪዛውን ዋጋ አይቀንሰውም፣ ወይም የሪያልቶውን ቡና ርካሽ አያደርገውም። ወጣት ይዙር፣ ይደሰት፣ ይስከር፣ ባቡር ያምልጠው፤ ዕድሜው ነው። ሲያጌጡ ይመላለጡ ነውና ነገሩ፣ ያልቻልኩት ማጌጫውን ነው፤ የሌላ ሰው ዕለታዊ ኑሮ ለአንድ በጋ ተውሶ፣ እንደ ሜዳልያ ደረት ላይ ማንጠልጠልን። ዋሽንግተንና ቶሮንቶ ልጆች ያሳደጋችሁ ወገኖች፣ የእናንተም ልጅ ሰማያዊ ፓስፖርቱን ይዞ ያለ ቪዛ 90 ቀን ሊዞር ቦርሳውን ሲሸክፍ አትከልክሉት። ከአውሮፓ በአዲስ አበባ በኩል የሚመለስ ከሆነ ግን፣ ስለ ሌሊት ባቡሩ መከራ ለአጎቱ ልጅ ከመተረኩ በፊት፣ አብሮት ተቀምጦ የሸንገንን ማመልከቻ ቅጽ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው እንዲሞላለት አድርጉ፤ 90 ዩሮውንም ከጉዞው ትራፊ ይክፈልለት።