የመርከብ ተጓዥን ሻንጣ ለመወሰን የወጣ የቤተሰብ አዋጅ

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ የምትኖር፣ ከባልቲሞር ወደብ ተነስተህ በመርከብ ወደ ባሃማስ ለሽርሽር የቆረጥክ ዘመድ አዝማድ ሁሉ፣ ሻንጣህን መሬት አስቀምጠህ አድምጥ።

መግቢያ

ባለፈው ዓመት ስድስት ሰዎች ለ7 ቀን ሽርሽር 11 ሻንጣ ይዘን የተገኘን ስለሆነ፤

ከ11ዱ ውስጥ አራቱ አንዴም ሳይከፈቱ እንደተቆለፉ ወደ ቤት የተመለሱ ስለሆነ፤

ሻንጣ ሲሞላ «ምናልባት ካስፈለገ» የሚሉት ሁሉ፣ ሻንጣ ሲነሳ «ወገቤን» የሚሉ ሆነው ስለተገኙ፤

የአዋጁ አውጪ ወገብ ግን የእውነት የታመመ ስለሆነ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የመርከብ ሻንጣ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ልጆች በሹክሹክታ «የአባባ ንጭንጭ» ብለው ሊጠቅሱት አይችሉም።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

ሀ) «ትንሽ ዕቃ» ማለት ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሳው ማንኛውም ነገር ነው፤

ለ) «ምናልባት» ማለት አራተኛው ጥንድ ጫማ ሻንጣ ውስጥ የገባበት ምክንያት ነው፤

ሐ) «ፖርተር» ማለት ተርሚናሉ በር ላይ ሻንጣ የሚቀበል የወደብ ሠራተኛ ነው፤ ሌባ ማለት አይደለም፤

መ) «ካቢን» ማለት አንዱ ሲለብስ ሌላው አልጋ ላይ ወጥቶ የሚጠብቅበት መኝታ ክፍል ነው፤

ሠ) «ተሸካሚ» ማለት የዚህ አዋጅ አውጪ ነው።

አንቀጽ 3፦ የተፈጻሚነት ወሰን

ይህ አዋጅ ወደ አገር ቤት በሚደረግ ጉዞ ላይ ተፈጻሚ አይሆንም። ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ሻንጣው የእኛ አይደለም። የአክስት መድኃኒት፣ የጎረቤት ልጅ ጫማ፣ መልኩን እንኳ የማናውቀው ሰው ላፕቶፕ ነው። 23፣ 23 ኪሎ ልክ ለማድረግ እኩለ ሌሊት ላይ ሻንጣ አቅፈን የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ላይ ወጥተን፣ የራሳችንን ክብደት እየቀነስን ያደርንበት ጊዜ አለ። ያ አደራ ነው፤ አደራ ቢከብድም አይጣልም።

ናሶ ወደብ ላይ ግን «ዕቃዬ ደረሰ?» ብሎ የሚጠብቀን ሰው የለም። አብዛኞቹ የሽርሽር መርከቦችም እንደ አውሮፕላን ኪሎ እየቆጠሩ አያስከፍሉም። መዘዙ የመጣው ከዚሁ ነው። አደራ ሰጪ በሌለበት፣ ሚዛን በሌለበት፣ ሻንጣውን እስከ አፉ የሞላነው እኛው ነን።

አንቀጽ 4፦ ስለ ሁለቱ ወረቀቶች

የመርከብ ሻንጣ ሕግ ዛሬ አልተጀመረም። ታይታኒክ በሰጠመችበት በፈረንጁ 1912 ዘመን፣ አትላንቲክን የሚያቋርጡ መርከቦች ሻንጣን በወረቀት ይለዩት ነበር። «በጉዞ ላይ የማይፈለግ» የሚል የተለጠፈበት ወደ ታችኛው መጋዘን ይወርዳል። «የሚፈለግ» የተባለው ደግሞ ባለቤቱ በመንገድ ላይ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ይቀመጣል።

አዋጁ ይህን ሥርዓት መልሶ አቋቁሟል። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ የማይፈለገው ዕቃ የሚቀመጥበት መጋዘን ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኘው ቁም ሳጥናችን ነው።

አንቀጽ 5፦ ስለ ርክክብ

1. የሻንጣ ታግ ከቤት ታትሞ፣ ስምና የካቢን ቁጥር እንዲታይ ታጥፎ፣ እጀታው ላይ በስቴፕለር ይመታል። የድሮ የአውሮፕላን ታግ ተቀዶ ይጣላል፤ ለማስታወሻ ተብሎ አይንጠለጠልም።

2. ሻንጣው ከመኪና እንደወረደ ለፖርተር ይሰጣል። ለአንድ ሻንጣ አንድ ሁለት ዶላር ቲፕ መስጠት ወግ ነው። ከዚያ ሻንጣው በኤክስሬይ ተፈትሾ፣ በብረት ጋሪ ተጭኖ፣ ወደ መርከቡ ሆድ ይገባል፤ ፎቅ በፎቅ ተለይቶም ካቢኑ በር ላይ ይደርሳል። በሺዎች ከሚቆጠሩ ሻንጣዎች መካከል አንዳንዱ ከራት በኋላ ቢመጣ አይደንቅም።

3. ፖርተርን ደረሰኝ መጠየቅ ክልክል ነው። ባለፈው ዓመት እትዬ ሻንጣቸውን አስረክበው መዳፋቸውን ዘርግተው ቆሙ። ሰውየው ሰላምታ መስሎት ጨበጣቸው። እሳቸው መልሰው ዘረጉ፤ እሱ መልሶ ጨበጠ። «ያለ ደረሰኝ? ለማላውቀው ሰው?» እያሉ እስከ ሦስተኛው መጨባበጥ ደረሱ፤ ከኋላችን ያለው መኪና ጡሩምባውን ባይነፋ ኖሮ መርከቡ ጥሎን ይሄድ ነበር።

አንቀጽ 6፦ ከእጅ ስለማይለይ ዕቃ

ፓስፖርት፣ የመሳፈሪያ ወረቀት፣ መድኃኒት፣ መነጽር፣ ወርቅ፣ የስልክ ቻርጀር፣ የዋና ልብስ፣ አንድ ቅያሪ። እነዚህ በትንሽ የእጅ ቦርሳ ይያዛሉ። ፓስፖርቱን ለፖርተር በሰጠው ሻንጣ ውስጥ የቆለፈ ሰው፣ መርከቡ ላይ ለመውጣት ቀድሞት መርከቡ ላይ የወጣውን ሻንጣ ማግኘት ይኖርበታል። የስኳርና የደም ግፊት ኪኒንም ግማሽ ቀን በብረት ጋሪ ላይ ሲዞር አይውልም።

የዋና ልብስ ለምን ተካተተ ለሚል፦ ባለፈው ዓመት ሻንጣችን እስኪመጣ ድረስ ገንዳው ዳር በሙሉ ልብስ ተደርድረን ተቀምጠን ነበር። ያየን ሁሉ የሰርግ አጃቢዎች መስለነው ሙሽራዋን ሲፈልግ ዋለ።

አንቀጽ 7፦ የተከለከሉ ዕቃዎች

1. ካውያ፣ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ፣ ምድጃ፣ ሻማ፣ ዕጣንና ከሰል አይገቡም። ባሕር መሃል እሳት ቢነሳ የእሳት አደጋ መኪና አይመጣም፤ እሳቱን የሚያጠፉት መርከበኞቹ ራሳቸው ናቸው። ሰርጅ ፕሮቴክተር ያለው ኤክስቴንሽንም አይገባም፤ የመርከብ የኤሌክትሪክ አሠራር ከቤት ስለሚለይ ራሱ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

2. የተከለከለ ዕቃ የያዘ ሻንጣ ካቢን አይደርስም፤ ጥበቃ ክፍል ተይዞ ባለቤቱ ይጠራል። ባለፈው ዓመት የተጠሩት እትዬ ናቸው። በነጠላ የተጠቀለለው ጀበና ምንም አልተባለም። ጥያቄው የተነሳው ከጎኑ በተገኘው የከሰል ፌስታልና በዕጣኑ ላይ ነው። «ልጄ፣ ዕጣን እኮ እሳት አይደለም፤ ጭስ ነው» ብለው ተከራከሩ። ጥበቃው በትህትና ሰምቶ፣ በትህትና መዝግቦ፣ ሁለቱንም በትህትና ወሰደ። ስለዚህ በካቢን ውስጥ አቦልም፣ ቶናም፣ በረካም የለም።

3. ቤት የተሠራ ምግብ አብዛኞቹ መርከቦች አያስገቡም። ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ ቤቱ ይቆያል። በትንሽ ብልቃጥ ስለሚያዝ ሚጥሚጣ አዋጁ ሆን ብሎ ዝም ብሏል።

አንቀጽ 8፦ ስለ መጨረሻው ሌሊት

በመውረጃው ዋዜማ ሻንጣ ከካቢን ውጭ ኮሪደር ላይ ይቀመጣል። ሰዓቱን መርከቡ ያስታውቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 5 ሰዓት፣ በፈረንጁ 11 ሰዓት አያልፍም። ሻንጣው ሌሊት ተሰብስቦ ጠዋት ተርሚናሉ ውስጥ ይገኛል። የጠዋት ልብስ ግን ቀድሞ ይወጣል! ጋሼ ባለፈው ዓመት ሱሪያቸውን አንድ ሳያስቀሩ አጣጥፈው፣ ሻንጣውን ኮሪደር አውጥተው፣ በእፎይታ ተኙ። ጠዋት በቢጃማና በጋቢ ሲወርዱ የኢሚግሬሽኑ ሠራተኛ የአገር ሽማግሌ መስለውት ከመቀመጫው ተነሳላቸው።

ሻንጣውን ራሱ ጎትቶ ማውረድ የሚችል መንገደኛ ግን ኮሪደር ላይ ማስቀመጥ አያስፈልገውም፤ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ይወርዳል። ይህ መብት በገንዘብ አይገዛም። የሚያገኘው የሚሸከመውን ብቻ የያዘ ሰው ነው።

አንቀጽ 9፦ ስለ ቅጣትና ስለተሻሩ ልማዶች

ይህን አዋጅ የተላለፈ የራሱን ሻንጣ ራሱ ይሸከማል። በተደጋጋሚ የተላለፈ የእትዬንም ይጨምራል። «ከሚጎድል ይትረፍ» የሚለው አባባል ለጠላ፣ ለእንጀራና ለሰርግ እንደጸና ሆኖ፣ ለሻንጣ ተሽሯል።

አንቀጽ 10፦ አዋጁ ስለሚጸናበት ጊዜ

አዋጁ የመጀመሪያው ዚፕ ከተከፈተበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። ተፈጻሚነቱም እንዲህ ይረጋገጣል፦ ሻንጣህን ሙላ፣ ዝጋ፣ ብቻህን አንሳና የቤታችንን ደረጃ ውጣ። ከወጣህ፣ እንኳን ደህና መጣህ፤ አብረን እንሄዳለን። ካቃተህ እዚያው ደረጃው ላይ ክፈተው፣ ግማሹን አውጣ። መድኃኒትህን ግን ያኔም በእጅህ ያዝ።