ካርቡራቶሬን አትንኩብኝ

በሜቱ መንገድ ዳር ኮፈን ከፍቶ ብቻውን የሚቆም ሰው አይቼ አላውቅም። ቡና ነጋዴው መንገዱን ይሻገራል፣ የባጃጁ ሾፌር ተሳፋሪውን አስቀምጦ ይወርዳል፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ ይጠጋል። ሁሉም እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ጎንበስ ይላሉ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላሉ፤ ላያቸው ሰው ነገሩን የመረመሩት ይመስላል። ከዚያ አንዱ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ፍርዱን ይሰጣል፦ «ጋሼ፣ ካርቡራቶር ነው።»

ካርቡራቶር! ሞተሩ ገና አልተነሳም፣ ካንዴላ አልተፈታም፣ ድምፁን የሰማ የለም። ሐኪም እንኳ መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ምላስህን አውጣ ይላል። እኛ ሰፈር ግን ምርመራ የሚባል ነገር የለም፤ ቀጥታ ካቻቢቴ ነው።

የማወራው ስለ ቮልሴ ነው። 1300 ናት፣ እኔም እሷም ጡረታ ከወጣን ቆየን። ድሮ መምህሩም፣ የጤና ረዳቱም፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊውም ቮልስ ነበር የሚመኘው፤ ያገኘም አልተጸጸተም። ሞተሯ ከኋላ ነው፣ የሚያቀዘቅዘው አየር ነው፣ ራዲያተር የሚባል ጣጣ አታውቅም። ክብደቷ በኋላ ጎማ ላይ ስለሚያርፍ ጭቃ ላይ ከእሷ የሚበልጡ ብዙ ትልልቅ መኪናዎች ሲያፍሩ አይቻለሁ። ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቡሎን ነው፤ አራት! አንድ ጠንካራ ክሪክና የሚታዘዝ ልጅ ያለው ሰው ግቢው ውስጥ ከዛፍ ጥላ ሥር ሊያወርደው ይችላል። እንዲህ ያለችው መኪና በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ባለቤቷ ራሱ እንዲጠግናት ታስባ የተሠራች ናት ብል አላጋነንኩም። «ባለቤቷ» ማለቴን ልብ በሉልኝ። አላፊ አግዳሚው አላልኩም።

አቤቱታዬ አንድ ነው፤ እነዚህን ትንንሽ አሮጌ መኪናዎች የሚገድላቸው ዕድሜ አይደለም፣ እጅ ነው። አንዱ የሌላውን ጥፋት ለመሸፈን አንድ ቡሎን ያዞራል፣ ሦስተኛው የሁለተኛውን ለመሸፈን ሌላ ያዞራል፣ በመጨረሻ ጤነኛ የነበረው ሁሉ ተናግቶ የታመመው ነገር እንደታመመ ይቀራል። ከዚያ «ሞተሩ አርጅቷል፣ ይውረድ» ይባላል።

ነገሩ እኮ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ቫልቭ፣ ቀጥሎ ፑንቲና (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው እሳት ማቋረጫ)፣ ከዚያ የእሳቱ ሰዓት፣ ካርቡራቶር መጨረሻ። ይህን ቅደም ተከተል ያወጣው የእኔ ግትርነት አይደለም። የቫልቩ ክፍተት ካልተስተካከለ መጭመቁ ይደክማል፤ ፑንቲናው ከተቃጠለ እሳቱ ይደክማል፤ እነዚህ ሁለቱ ባልተስተካከሉበት ሞተር ላይ ካርቡራቶር የሚነካ ሰው ምን ላይ እንደሚያስተካክል ራሱም አያውቅም።

ቫልቭ የሚለካው ሞተሩ ብርድ ሲሆን ነው፤ ጠዋት፣ ከመነሳቱ በፊት። በግራና በቀኝ ያሉት ክዳኖች በሽቦ መያዣ የተያዙ ናቸው፣ በካቻቢቴ ጫፍ ወደ ታች ይገፋሉ። ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ፊለር የሚባለው ስስ ብረት ገብቶ ሲጎተት ትንሽ ያዝ ማድረግ አለበት፤ ዝም ብሎ ካለፈ ሰፍቷል፣ አልገባም ካለ ጠቧል። ሰፍቶ ከሆነ ሞተሩ ይንኳኳል፤ ይህ ግድ የለም፣ ጮሆ ይነግራችኋል። ጠቦ ከሆነ ግን ዝም ይላል፤ ቫልቩ በደንብ ሳይዘጋ እየተቃጠለ ድምፁ ያማረ ሞተር ይመስላል። አንድ ጎረምሳ መካኒክ «ጋሼ፣ ድምፁን አጠፋሁልዎት» ብሎ ሲኮራብኝ ደሜ ነው የቀዘቀዘው። ልጄ፣ ድምፁን ያጠፋኸው ሞተሬን ለማጥፋት ነው!

የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ይኸው ልጅ በምን እንደለካው ታውቃላችሁ? በሲጋራ ካርቶን። ሱሪው ኪስ ውስጥ ገብቶ ግማሹ የረጠበ የሲጋራ ካርቶን አውጥቶ አጠፈና በፑንቲናው ሁለት ጥርሶች መካከል አስገባው። «እኛ ሁሌ በዚህ ነው» አለኝ። ሁሌ በዚህ ስለሆነ እኮ ነው ከበደሌ እስከ ጎሬ በሦስት ካንዴላ የሚሠራ መኪና የበዛው።

የእሳቱን ሰዓት ለመግጠም ደግሞ መሣሪያ ይቅርና አንድ ትንሽ የፍሬቻ አምፖል ይበቃል። አንዱን ጫፍ ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ በሚሄደው ሽቦ፣ ሌላውን ከሞተሩ ብረት ጋር ታያይዛላችሁ፤ ፑሌጃውን ምልክቱ ላይ ታመጣላችሁ፤ ቁልፉን ከፍታችሁ ዲስትሪቢዩተሩን ቀስ እያላችሁ ታዞራላችሁ። ፑንቲናው በተላቀቀባት ቅጽበት አምፖሏ ቦግ ትላለች። እዚያ ላይ ታጠብቃላችሁ። ይህን ሁሉ ለማድረግ ጆሮም ሆነ ሙያ አያስፈልግም፤ ትዕግሥት ብቻ። ዛሬ ግን ትዕግሥት ከመለዋወጫ ሱቅ አይገዛም፣ ከስልክም አይወርድም። ወጣቱ በቲክቶክ አንድ ሰው ሞተር ሲያስጮኽ አይቶ ይመጣል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

የባጃጅ ሾፌሮቹን ነገር ለብቻው ማንሳት አለብኝ። ደጎች ናቸው፤ ስፒንታ ስገፋ ከእነሱ በፊት የሚደርስልኝ የለም። ግን በእነሱ ዘንድ የሰው ልጅ ችግር ሁሉ የሞተሩን ዝቅተኛ ዙር በሚያስተካክለው በሚኒሞ ቡሎን ይፈታል። ቀዝቅዞ አልነሳም? ሚኒሞ። ጠጥቶ አስቸገረ? ሚኒሞ። አንዱ ደግሞ ዘሎ የአየርና የቤንዚን ድብልቁን ቡሎን እስከ መጨረሻው አጠበቀው። ያ ቡሎን ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ነው፤ በጉልበት ሲጠብቅ ጫፉ ላይ ቀለበት ይቆርጣል፣ ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ቢዞር አይስተካከልም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እኔን ንቀው ቡሎኔን ነቀነቁ።

ቤንዚኑም አለበት። ማደያ ባዶ ሲሆን ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚገዛ ቤንዚን አለ፤ ውስጡ ነጭ ጋዝ እንዳለበት አፍንጫ ያለው ሁሉ ያውቃል። ነጭ ጋዝ የገባበት ቤንዚን ዳገት ላይ ሞተሩን ያስንኳኳል። መካኒኩ ማንኳኳቱን ሰምቶ እሳቱን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ እሳቱ ሲዘገይ ጉልበቷ ይወርዳል፤ ጉልበቷ ሲወርድ ሌላው «ቤንዚን አንሷታል» ብሎ ድብልቁን ይከፍታል፤ ድብልቁ ሲከፈት ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፤ ካንዴላው ሲጠቁር ካንዴላ ይለወጣል። ጥፋተኛዋ ጠርሙስ መንገድ ዳር ቆማ ትስቃለች።

ይህ ሁሉ ሳያንስ አገራችን ራሷ ካርቡራቶር የምትፈትን አገር ናት። ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ተንጠልጥላለች። ከዚያ በቡሬ አድርጎ የሚወርደው መንገድ ጋምቤላ ሲደርስ 500 ሜትር አካባቢ ነው። ያ ቁልቁለት የጥንት መንገድ ነው፤ የጎሬ ቡና በጋምቤላ ወደብ በኩል በመርከብ ወደ ካርቱም በሚሄድበት ዘመንም ሰውና በቅሎ ያውቁት ነበር። በበቅሎ ላይ ግን ካርቡራቶር አልነበረም። ከታች ወደ ላይ ስትወጡ አየሩ 14 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ካርቡራቶሩ ይህን አያውቅም፣ ቤንዚኑን እንደለመደው ይለቃል። ስለዚህ ጋምቤላ ላይ የተስተካከለ ቮልስ ጎሬ ሲደርስ ጥቁር ጭስ ያጨሳል፣ ጎሬ ላይ የተስተካከለው ደግሞ ጋምቤላ ሲወርድ ቤንዚን ያጥረውና ይግላል። እኔ ሜቱ ላይ፣ በመካከለኛው ከፍታ፣ አስተካክዬ ለዓመታት በሰላም ኖሬያለሁ። አንድ ጊዜ ዘመድ ለመጠየቅ ጋምቤላ ወርጄ ከጥላ ሥር ባቆምኳት ጊዜ የዘመዴ ጎረቤት «ትንሽ ነካ አድርጌላታለሁ» አለኝ። ነካ አድርጌላታለሁ! ወደ ቤቴ ስመለስ የቡሬን ዳገት በጭስ ሸፈንኩት፤ ከኋላዬ የነበረው አይሱዙ እንዴት እንደተሳደበ እዚህ አይጻፍም።

ዝናቡን ተዉት። ኢሉባቦር ውስጥ ዝናብ የሚያባራበትን ወር ለመቁጠር የአንድ እጅ ጣት ይበቃል። ከኋላ ኮፈኑ ላይ ያሉት የአየር ሽንቁሮች ጭጋጉንም ጠሉንም ያስገባሉ፤ ጠዋት የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ውስጡ ላብ ይይዛል። እሳቱ ካንዴላ ጋ መሄዱን ትቶ በርጥበቱ ላይ ይሮጣል። መድኃኒቱ ደረቅ ጨርቅ ነው። ሁለቱን መያዣ ማላቀቅ፣ መወልወል፣ መመለስ፤ አለቀ። ደጋግሞ ከሆነ ክዳኑ ውስጥ በእርሳስ የተሠመረ የመሰለ ቀጭን ጥቁር መስመር ፈልጉ፤ ያ ካለ ክዳኑ ሞቷል። ክረምቱን ሙሉ ይህን ስናገር የሚሰማኝ የለም። ሁሉም ስፒንታ እየገፋ ባትሪ ይለውጣል።

ባለፈው ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣ የተማረ ልጅ በጥሩ ጨዋነት ተጠግቶ አንድ ትንሽ ጥቁር መሣሪያ ከስልኩ ጋር አገናኘና «አባባ፣ ኮምፒዩተሩ የት ጋ ነው የሚሰካው?» አለኝ። «ራሴ ላይ» አልኩት። አልሳቀም።

ጆን ሙይር የሚባል አሜሪካዊ በ1969 እ.ኤ.አ. ቮልስን በሕይወት ስለማቆየት አንድ መጽሐፍ ጽፎ፣ የጻፍኩት ለፍጹም ጅል ነው ብሎ በሽፋኑ ላይ አስፍሯል። አንባቢው እንዲህ የበዛለት መጽሐፍ ሜቱ እንዴት እንዳልደረሰ ይገርመኛል።

ልጆቼ ደግሞ ሌላ ምክር አላቸው፤ ሽጣትና አዲስ ግዛ። በምን? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በታክስ ከባድ አደረገው፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ የእኔ አሮጊት ዋጋዋ እንደ ወርቅ ሽቅብ እየወጣ ነው። «ኤሌክትሪክ ግዛ» ይላሉ። መብራት ሲጠፋ ማን ይገፋዋል? የኤሌክትሪክ መኪና በስፒንታ ይነሳል እንዴ? ለነገሩ የኤሌክትሪክ መኪናዎቹም ቢሆኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ኮፈናቸውን ከፍቶ «ጋሼ፣ ካርቡራቶር ነው» የሚል ሰው አያጡም።

አሁን የቀረኝ ጭንቀት አንድ ነው፤ ፑንቲና። ከአዲስ አበባ የሚመጣው «ኦሪጅናል» የሚባለው ሁሉ የጥርሱ ብረት ለስላሳ፣ ሽፋኑ ብቻ ያማረ ነው፤ ጥቂት ሳምንት ሳይሠራ ይጎደጉዳል። እናም መርካቶ ሶማሌ ተራ የምትደርሱ የሜቱ፣ የጎሬና የበደሌ ልጆች፣ ከአሮጌ ቮልስ የተፈታም ቢሆን ጥርሱ ያልጎደጎደ ፑንቲና ካገኛችሁ ሁለት ያዙልኝ። ዋጋውን እከፍላለሁ፣ ቡናም አፈላላችኋለሁ። መግጠሙን ግን ለእኔ ተዉት።