ሃያ ሺሕ የሚባለው ኪራይ

ከገርጂ እስከ አያት በተደረደሩት ኮንዶሚኒየሞች አንድ የቤት ኪራይ ሁለት ዋጋ አለው፦ አከራዩ በለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር የሚናገረው፣ እና ዓመቱ ሲያልቅ እጁ ላይ የሚቀረው። ልዩነቱን የሚበሉት ብዙ ናቸው።

ቀድሞ የሚደርሰው ደላላው ነው። ለተከራይ «ቤተ መንግሥት ነው»፣ ለአከራይ «በዚህ ዋጋ ማን ይገባበታል?» ይልና ከሁለቱም ኮሚሽኑን ይቀበላል። ቀጥሎ ውሉ ይመጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ቢያንስ የሁለት ዓመት እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። የስድስት ወር ተቀብሎ ቤቱን በተከራይ ገንዘብ ማሳደስ የለመደ አከራይ አሁን ቀለሙን ከኪሱ ይገዛል። ጭማሪም በዓመት አንዴ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው ልክ ብቻ ነው። የሲሚንቶና የቧንቧ ነጋዴዎች ግን ይህ አዋጅ አይመለከታቸውም።

ግብሩ ይከተላል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 የሒሳብ መዝገብ ለማይዝ አነስተኛ አከራይ የኪራዩን ግማሽ ለጥገናና ለእርጅና ወጪ ብሎ ይተውለታል፤ በቀረው ላይ እንደ መጠኑ እስከ 35 በመቶ ይጥላል። ሕጉ ከ20,000 ብር ውስጥ 10,000ው ወጪ ነው ብሎ አምኗል፤ ያላመነው አከራዩ ነው። የጣሪያና ግድግዳ ግብርም አለ፤ የሦስተኛ ፎቅ ባለቤት ጣሪያው የአራተኛው ፎቅ ወለል ቢሆንም ይከፍላል።

ያ ወለል ደግሞ ያፈስሳል። መጀመሪያ መታጠቢያ ቤቱ ኮርኒስ ላይ የሻይ ቀለም ያለው ነጠብጣብ ይታያል። የላይኛው ጎረቤት «የኛ አይደለም» ይላል፣ ኮሚቴው ይሰበሰባል፣ ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል። ቧንቧው እስኪገኝ ስድስት ሴራሚክ ይሰበራል፤ አምስቱ የተሰበሩት ቧንቧው በሌለበት በኩል ነው። ያ ዓይነት ሴራሚክ መርካቶ ከጠፋ ቆይቷልና ግድግዳው በሁለት ቀለም ይቀራል። የጥበቃ፣ የጽዳትና የውሃ ሞተር መዋጮ ግን ቢፈስም ባይፈስም በየወሩ ይሰበሰባል፤ አሳንሰርና ጄኔሬተር ባለበት ሕንፃ ናፍጣም ይጨመርበታል።

ደረሰኝ የሌለው ትልቁ ወጪ ባዶ ወር ነው። በ20,000 ብር የሚከራይ ቤት ዓመቱን ሙሉ 240,000 ብር ያስገባል። «ከ22,000 አልወርድም» ብሎ ሁለት ወር የዘጋው ባለቤት በቀሩት አሥር ወራት የሚያገኘው 220,000 ነው። ኩራቱ 20,000 ብር አስከፈለው፤ ሰፈር ውስጥ ግን የሚወራለት የ22,000 አከራይ ተብሎ ነው።

ቤቱን ለዘመድ በውክልና ሰጥቶ ባሕር ማዶ ያለው አከራይ ሌላ መስመር አለው። ወኪል የሆኑት አክስት ኮሚሽን አይቀበሉም፤ ቢሰጣቸውም ይቀየማሉ። የታክሲ፣ የስልክ፣ የፋሲካ በግና «ለቧንቧው የከፈልኩት» ሲደመር ግን ደላላው ርካሽ ነበር።

በስተመጨረሻ የቀን መቁጠሪያው አለ። በልማድ ኪራይ የሚታሰበው ለአሥራ ሁለት ወር ነው፤ ጳጉሜ አይቆጠርም፣ ተከራይ አምስቱን ቀን እንዲሁ ያድራል። ኮርኒሱ በጳጉሜም ያንጠባጥባል።