በባቡር ወደ ኮልፋክስ ለሚሄድ እንግዳ

ከቺካጎ ዴንቨር ዘመድ ጥየቃ ሊሄዱ አስበዋል። መልካም አሳብ ነው። አውሮፕላኑ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጅበታል፤ ካሊፎርኒያ ዜፊር የሚባለው ባቡር ደግሞ 18 ሰዓት። በባቡሩ ይሂዱ። አይደንግጡ፣ ቀስ ብለን እናየዋለን።

መጀመሪያ ሻንጣዎን ይመዝኑ። አገር ውስጥ የሚበርር አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ሻንጣ ጀምሮ ያስከፍላል። የባቡሩ ድርጅት አምትራክ ግን ባለ 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ በነፃ ይጭንልዎታል። ሌላ ባለ 23 ኪሎ ሁለት ይዘው ይገባሉ። በዚያ ላይ ባለ 11 ኪሎ ሁለት ቦርሳ ይፈቀድልዎታል። ይደምሩት፤ 114 ኪሎ ገደማ ይመጣል። አንድ ኩንታል ከነምራቂው ማለት ነው። ሐበሻን ሳያውቅ ለሐበሻ የተሠራ ባቡር ነው።

ለራስዎ ሁለት ሱሪና አንድ ሹራብ ይበቃዎታል። የተረፈው ቦታ የአደራ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2018 ጀምሮ ቺካጎ ይበርራል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ይያዙልኝ)፤ ዴንቨር ግን አይሄድም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የተላከው በርበሬና ሽሮ ቺካጎ ያርፍና ወደ ዴንቨሩ ኮልፋክስ ጎዳና የሚሻገር ሰው ይጠብቃል። ያ ሰው እርስዎ ነዎት። ዘመዶችዎ "ምነው ጠፋህ፣ መቼ ነው ብቅ የምትለው?" ብለው መደወል የጀመሩት ዕቃው ቺካጎ በገባ ማግስት መሆኑን አስተውለው ይሆናል። አያስተውሉ።

በርበሬ ኢስት ኮልፋክስና ሃቫና ላይ ባሉ የሐበሻ ሱቆች ይሸጣል። ሽሮውም አለ፤ እንጀራውም ትኩስ ነው። ይህን ለማንም አይናገሩ። እዚያ የሚሸጠው በርበሬ ብቻ ነው፤ እርስዎ የያዙት ግን የእማዬ እጅ ያረፈበት ነው። ከበርበሬው ሥር ቅቤ ካገኙ ጉምሩክን እንዴት እንዳለፈ አይጠይቁ። በሦስት ፌስታል ደርበው ይቋጥሩት። ባቡሩ ውስጥ ማሞቂያ አለ።

ባቡሩ የሚነሣው ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት ነው። መስኮት ዳር ይያዙ። በርሊንግተን ላይ ሚሲሲፒን ሲሻገሩ ፎቶ ያንሡ። ብዙ ጊዜ የሚያነሡት ሌላ ነገር ስለማያገኙ እሱኑ ደጋግመው ያንሡት። ከዚያ አዮዋ ነው፣ በቆሎ ነው። ከዚያ ይመሻል። ነብራስካን በጨለማ ያልፏታል። ሲነጋ የኮሎራዶ ሜዳ ላይ ነዎት፤ እሱም ሌሊት ያላዩትን ነብራስካ ይመስላል። አጠገብዎ ያለው ፈረንጅ ስለ ተራራው፣ ስለ ገደሉ፣ ስለ ወንዙ በጉጉት ያወራልዎታል። እውነቱን ነው። የሮኪ ተራሮች፣ 10 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሞፋት ዋሻ፣ የኮሎራዶ ወንዝ ሸለቆ፣ ሁሉም በዚሁ መስመር ላይ ናቸው። የሚጀምሩት ከዴንቨር በኋላ ነው። እርስዎ ዴንቨር ይወርዳሉ። ዴንቨር 1,609 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች እንዳያዞርዎ ውሃ ይጠጡ ብሎም ፈረንጁ ይመክርዎታል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን አይንገሩት። ውሃውን ይጠጡ።

ስንቅ ይያዙ። ሶቪየት ኅብረት የተማሩ ታላላቆቻችን ስለዚያ አገር ባቡር ሲያወሩ ደስ ይላሉ። ከሞስኮ ቭላዲቮስቶክ 9,288 ኪሎ ሜትር ነው፣ አንድ ሳምንት ያህል። በየፉርጎው የፈላ ውሃ አለ፤ 54 አልጋ ባለው ክፍት ፉርጎ ውስጥ ሰው ስንቁን ይፈታል፣ ለጎረቤቱ ይቆርሳል። እርስዎም ቆሎዎን ዘግነው ጎረቤትዎን ይጋብዙ። የጆሮ ማዳመጫውን ነቅሎ በትሕትና ያመሰግንዎታል፤ መልሶ ይሰካዋል። አይቀየሙ። ደግመው ይጋብዙት። በሦስተኛው ግብዣ ተነሥቶ ሌላ ወንበር ይፈልጋል። ያኔ ሁለቱም ወንበር የእርስዎ ነው፤ እግርዎን ዘርግተው ይተኛሉ።

ሌሊት ላይ ባቡሩ ሜዳ መሃል ቀጥ ይላል። ጭነት እያሳለፈ ነው። ለምን ብለው እንዳይበሳጩ ሕጉን ላስረዳዎት። የመንገደኛ ባቡር ከጭነት ባቡር ቅድሚያ እንዳለው ከ1973 ጀምሮ በሕግ ተጽፏል። ሐዲዱ ግን የጭነት ድርጅቶቹ ነው። ሕጉን የጣሰውን ፍርድ ቤት የሚያቆመው የፌዴራሉ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ነው፤ እሱም ዝም አላለም። በ1979 አንዱን ድርጅት ከሰሰ። ከዚያ ትንሽ አረፍ አለና በ2024 ሌላ ከሰሰ። እስከዚያው የጭነት ባቡሩ ሦስት ኪሎ ሜትር እስኪደርስ ረዝሟል፤ ጥግ መያዣው ሐዲድ አልረዘመም። ረጅሙ ጥግ መያዝ ስላልቻለ አጭሩ ይይዛል። እንግዲህ ቅድሚያ ያለው እርስዎ ነዎት፣ የሚያልፈው እሱ ነው። ነገሩን በፍርድ ይዩት። የኮንቴይነር መዘግየት ገንዘብ ያስከፍላል። የእርስዎ መዘግየት የሚያስከፍለው ትዕግሥት ብቻ ነው፣ ትዕግሥቱም ከራስዎ ይወጣል። የእኛም አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ለገሃርን መሃል ከተማ ትቶ ፉሪ ለቡ የሚቆመው ሰው ጠልቶ አይደለም፤ ኮንቴይነር ለገሃር ምን ይሠራል?

ዴንቨር ዩኒየን ስቴሽን ሲደርሱ ቀና ብለው ይዩት። በ2014 ታድሶ የተከፈተ ነው፣ ያምራል። እዚያው ሕንፃው ውስጥ ሆቴል አለ። ሆቴሉን አይዩት። ዘመድ እያለዎት "ሆቴል አደረ" የሚለው ወሬ ከኮልፋክስ አዲስ አበባ የሚደርሰው እርስዎ ሻንጣዎን ሳይፈቱ ነው።

15 ቁጥር አውቶቡስ ኢስት ኮልፋክስን ይዞ እስከ አውሮራ ይሄዳል፤ በከተማው ብዙ ሰው የሚሳፈረው በእሱ ነው። አይሳፈሩበት። በእግርዎም እንዳይሞክሩት። መንገዱ የተሰየመው በስካይለር ኮልፋክስ ነው፣ የፕሬዚዳንት ግራንት ምክትል በነበረው። ሰውየው የባቡር ሐዲድ ሠሪ ኩባንያ አክሲዮን ወስዷል ተብሎ ስሙ ጠፋ፤ ከዚያ በኋላ በየከተማው እየዞረ ንግግር በማድረግ ይተዳደር ነበር። በ1885 ጥር ወር፣ ሚኒሶታ ውስጥ ማንካቶ ላይ፣ ባቡር ለመቀየር በዚያ ብርድ ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው በእግሩ ሄደና እንደደረሰ ወድቆ ሞተ። የሚቀበለው የአክስት ልጅ አልነበረውም።

እርስዎ አለዎት። አየር ማረፊያው መኪና ማቆሚያ የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ በቀጥታ መጥቷል። ባቡሩ ሦስት ሰዓት ቢዘገይ መኪናው ውስጥ ጋደም ይላል፣ የማቆሚያው ሒሳብም ይቆጥራል። ሲያገኙት ዓይኑ ቀልቷል። ናፍቆት ነው። ይሳሙት። ሦስት ጊዜ ጉንጭዎን ስሞ "በርበሬው የትኛው ውስጥ ነው?" ሲልዎት በጣትዎ ያመልክቱ። የኋላ ኮፈኑ ይሞላል። ቅቤ ያለበት ሻንጣ ጋቢና ይቀመጣል፣ ቀበቶም ይታሰርለታል። እርስዎ ከኋላ ይግቡ።

በመስኮት ግራና ቀኝ አሮጌ ሞቴሎች ያያሉ። ኮልፋክስ ዩኤስ 40 የሚባለው አገር አቋራጭ መንገድ ነው፤ ሞቴሎቹ የተሠሩት ለመንገደኛ ነበር። አይ-70 የሚባለው አውራ ጎዳና ሲከፈት መንገደኛው በዚያ ሄደ። ዛሬ በብዙዎቹ የቤት ኪራይ ያቃተው ቤተሰብ በየሳምንቱ እየከፈለ ይኖርባቸዋል። ሥርዓቱ ከገባዎት ቀላል ነው፦ ነዋሪው የመንገደኛ ክፍል ውስጥ ይኖራል፣ መንገደኛው የነዋሪ መኝታ ቤት ያድራል፣ ባለ መኝታ ቤቱ ሶፋ ላይ ይተኛል። ሁሉም የሌላውን ቦታ ስለያዘ ቦታ ያጣ የለም። ዮሰሚቲ የሚባለውን መንገድ ሲያልፉ ዴንቨር አልቆ አውሮራ ይጀምራል። ለውጥ ካላዩ አይፈልጉ።

መኝታ ቤታቸውን ሲለቁልዎ "ኧረ በፍጹም!" ይበሉ። ሁለተኛም ይበሉ። ሦስተኛ እንዳይሉ፤ እነሱም ሰው ናቸው፣ እሺ ሊሉዎት ይችላሉ። የአክስትዎ ልጅ ሌሊት ሠራተኛ ስለሆነ የሚተኛው ቀን ነው፤ አልጋው ደግሞ የእርስዎ ነው። ስለዚህ እንዲያርፍ ቀን ቀን ከቤት ይውጡ። ይዞዎት የሚወጣው ግን እሱ ነው፤ መኪና ያለው እሱ ነውና።

የት ይሄዳሉ? ቤት ለቤት። መምጣትዎ እንደተሰማ ስልኩ አያርፍም። አንዱን ቤት ጠይቀው ሌላውን ቢተዉ ዕርቅ የሚጠይቅ ጉዳይ ይሆናል። በሁሉም ቤት ይብሉ። "አሁን በላሁ" አይበሉ፤ "የት?" ይባላሉ፣ መልሱም ከዶሮው የባሰ ይከብዳል። "በሞቴ" ሲባሉ ይጉረሱ። በመሃል መርዶ ቢመጣ ለቅሶ ቤት ይወሰዳሉ። ሟቹን አያውቋቸውም። ከልብ ያልቅሱ፤ ያለቀሱበት ቤት በማግስቱ አይጠራዎትም፣ ትንሽ ያርፋሉ። ሬድ ሮክስ የሚባለው ቦታ ውሰዱኝ፣ ተራራ አሳዩኝ ብለው አያስቸግሩ። ተራራው ከመኪና ማቆሚያው ይታያል። የአክስትዎ ልጅም እስካሁን አልወጣበትም። ፈቃድ ሲያገኝ ሊሄድ ነበር፤ ፈቃዱን እርስዎን ሲያመላልስ ጨረሰው።

አንድ ቀን ኮልፋክስ ላይ ምግብ ቤት ይጋብዙት። የሒሳብ ትግሉን ለማሸነፍ እጅ ሊታጠቡ እንደሆነ ነግረው ይነሡና ካርድዎን ለአስተናጋጇ ይስጧት። "ተከፍሏል" ትልዎታለች። እሱ ከቤት ሳይወጣ ደውሎላት ነበር። ተመልሰው ይቀመጡና ይቆጡት። ቁጣው ከልብዎ መሆን አለበት፤ የማይቆጣ እንግዳ ሊከፍል አላሰበም ይባላል። የከፈለው የሁለት ሌሊት ደመወዙን መሆኑን ግን አያስሉ።

መመለሻውን ትኬት አስቀድመው ይቁረጡ፤ ባቡሩ በቀን አንድ ብቻ ነው፣ ከዴንቨር የሚነሣውም ምሽት 1 ሰዓት ገደማ ነው። ሻንጣዎችዎ ባዶ እንዳይመስሉዎት። ለእማዬ የስኳር መለኪያና ቫይታሚን አለ፣ ለወንድምየው ጫማና ላፕቶፕ፣ የማን እንደሆነ ያልተነገረዎት አንድ የታሸገ ካርቶንም አለ። ቺካጎ ድረስ ብቻ ነው፤ ከዚያ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ይፈለግለታል። ያ ሰው እስኪገኝ ሳሎንዎ ውስጥ ቦታ ያዘጋጁለት። እንግዳ ነውና ጥሩውን ቦታ ይስጡት።

የአክስትዎ ልጅ ጣቢያ ድረስ ይሸኝዎታል፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ፈረቃው ይሄዳል። ቺካጎ ሲደርሱ ይደውሉለት። ስለ እርስዎ ጤንነት ቆይተው ይነጋገራሉ፤ መጀመሪያ የስኳር መለኪያው እንዳልተሰበረ ይንገሩት።