ጥይትህን ቆጥብ!

«ክቱሉን ለመጣል ስንት ጥይት ይበቃል?» አለኝ አንድ ጌመር።

ወንድሜ፣ ጥይትህን ቆጥብ! ይህ ጭራቅ በጥይት የሚወድቅ ቢሆን ፈጣሪው ኤች. ፒ. ላቭክራፍት ብዕሩን ባላነሳ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890 በሮድ አይላንድ፣ ፕሮቪደንስ ተወልዶ በ1937 የሞተው ይህ ጸሐፊ ዕድሜውን ሙሉ የጻፈው ስለ አንድ ፍርሃት ነው። ኅዋው ሰፊ ነው፣ ጥንታዊ ነው፣ የሰውን ልጅ ደግሞ ከነመኖሩም አያውቀውም። አይወደው፣ አይጠላው። ኮስሚክ ሆረር ማለት ይኸው ነው። አሁን ይህን ይዘህ ወደ ቪዲዮ ጌም ግባ። እዚያ በሩ የተሠራው አንተ እንድትከፍተው፣ ሣጥኑ የተቀመጠው አንተ እንድታገኘው፣ ጠላቱም የቆመው አንተ እንድትገድለው ነው። ፀሐይዋ እንኳ የምትወጣው ላንተ ብላ ነው። ከምንም የማይቆጠር ሰው ታሪክ፣ ሁሉ ነገር ለእሱ በተሰናዳበት ዓለም ውስጥ እንዴት ይነገር? ጣጣው ያለው እዚህ ነው። ስለዚህ ላቭክራፍትን ወደ ጌም ላምጣ የሚል ሰው ጭራቁን ትቶ ሕጉን ያምጣ እላለሁ። የጨዋታው ሕግ ካላስፈራ፣ የኦክቶፐስ እጅ ቢደረደርበት አሻንጉሊት ነው።

«ቆይ እንጂ! በራሱ መጽሐፍ ክቱሉን በመርከብ ገጭተውት የለም እንዴ?»

ጎበዝ፣ አንብበሃል። በ1928 ዊርድ ቴልስ መጽሔት ላይ በወጣው ታሪክ ዮሃንሰን የሚባል ኖርዌያዊ መርከበኛ «አለርት» የተባለችውን መርከብ አዙሮ ጭንቅላቱ ላይ ነዳበት። ጭንቅላቱም ፈነዳ። ቀጥሎ ያለውን ግን ዘለልከው፤ የተበተነው አካል ወዲያው ተመልሶ መገጣጠም ጀመረ። ዮሃንሰን ያተረፈው የማምለጫ ጊዜ ብቻ ነው፤ አገሩ ገብቶም ዕድሜ አላገኘም። በ2005 የወጣው «ዳርክ ኮርነርስ ኦፍ ዚ ኧርዝ» ይህን ግማሽ መንገድ ድረስ ገብቶት ነበር። ኢንስማውዝ ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ ተኝተሃል። መሣሪያ የለህም። ኮሪደሩ ላይ እግር ይሰማል። ተነሥተህ መቀርቀሪያ ትዘጋለህ፣ ቁም ሣጥን ትገፋለህ፣ ወደሚቀጥለው ክፍል ትሮጣለህ፤ መቀርቀሪያው አንድ ሰከንድ ከዘገየብህ አለቀልህ። ከላቭክራፍት የኢንስማውዝ ታሪክ በቀጥታ የተወሰደ ትዕይንት ነው፤ በታሪኩም በጌሙም ጀግናው የሚተማመነው በአንዲት ብረት ነው። እጅህ ላብ በላብ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ምን አደረጉ? ጠመንጃ ሰጡህ። ቀጥለውም የጦር መርከብ መድፍ ላይ አቁመው ዳጎን የሚባለውን ግዙፍ የባሕር ፍጡር አስመቱህ። ዳጎን ሲወድቅ ፍርሃቱም አብሮ ወደቀ።

«ተኩስ ያለበት ጌም ላቭክራፍትን አይችልም ማለትህ ነው?»

ማን አለ? በ1996 የወጣውን ኩዌክን ጨርሰኸዋል? ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተኩስ ነው። የመጨረሻዋ ፍጡር ሹብ-ኒጉራት ግን ያለህን ጥይት ሁሉ ብታርከፈክፍባት አትሞትም። በክፍሉ ውስጥ የሚንሳፈፍ እሾሃማ ኳስ አለ፤ እሱ ሰውነቷ ውስጥ ሲያልፍ ጠብቀህ ወደ ማጓጓዣው በር መግባት ነው፤ ያኔ በቦታዋ ላይ አንተ ትገኛለህ፣ እሷም ትበተናለች። ሙሉ ጨዋታውን ሲያስተኩስህ የኖረ ጌም በስተመጨረሻ «ጠመንጃህ እዚህ አይሠራም» አለህ። ከጌሙ ሠሪዎች አንዱ ሳንዲ ፒተርሰን ነበር፤ ስሙን ያዝልኝ፣ አሁን እንፈልገዋለን።

«እኔ የምጫወተው ግን ሳኒቲ የሚባል መለኪያ አለው'ኮ! ጭራቅ ባየህ ቁጥር አእምሮህ ይወርዳል።»

እሺ፣ ከወረደ በኋላስ?

«መድኃኒት ትጠጣለህ፣ ይሞላል።»

ይሞላል? የሰው አእምሮ የሞባይል ካርድ ነው እንዴ ሲያልቅ የሚሞላው? ይህን መለኪያ ከየት እንዳመጡት ልንገርህ። ይኸው ፒተርሰን ከኩዌክ 15 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1981፣ ኬዮሲየም ለተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ኮል ኦፍ ክቱሉ» የሚል ዳይስ እየተጣለ በጠረጴዛ ዙሪያ የሚጫወቱት ጨዋታ ጻፈ። የአእምሮ ነጥብ እዚያ ውስጥ አለ። ከነጥቡ ጋር ግን ጣሪያ አለ፤ ነገሩ ሁሉ ያለውም በጣሪያው ላይ ነው። ክቱሉን ስለመሰሉ ጥንታውያን ፍጡራን ያለህ እውቀት በቁጥር ይያዝና ከ99 ላይ ይቀነሳል። 10 ያወቀ ሰው አእምሮው ከ89 አይበልጥም፤ 30 ያወቀ ከ69 አይበልጥም። ቢታከም፣ ቢያርፍ፣ ከጓደኞቹ ጋር ዓመት ሙሉ ቢጫወት ከዚያች ጣሪያ አያልፍም። ያወቁትን መልሶ አለማወቅ የለማ! ተጫዋቹም ጣጣ ውስጥ ይገባል፤ ስለ ፍጡራኑ የተጻፈውን መጽሐፍ ካላነበበ ሰዎችን ማዳን አይችልም፣ ካነበበ ራሱን ያጣል። ላቭክራፍት በገጽ ላይ የሠራውን ፒተርሰን በመቀነስ ሠራው። ከዚያ ወዲህ የመጡ ስንት ጌሞች መለኪያውን ወሰዱና ጣሪያውን እዚያው ጥለውት መጡ። እብደት ሌላ የጉዳት ዓይነት ሆነና ቁስልም እብደትም በጠርሙስ ይድናል ተባለ። ይህ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም የተጣለው ክፍል ነፍሱ ነበር።

«ኢተርናል ዳርክነስንስ?» እሱን አከብረዋለሁ። በ2002 ለጌምኪዩብ ሲወጣ አእምሮው እየቀነሰ የሚሄደውን ገጸ ባሕርይ ትቶ ሶፋ ላይ የተቀመጠውን ሰው ያዘው። የቲቪህ ድምፅ በራሱ የቀነሰ ይመስልሃል። ነፍሳት በስክሪኑ ላይ ይሄዳሉ። ሴቭ ያደረግከው ሁሉ እየጠፋ ነው የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ ሪሞት ፍለጋ ትነሣለህ። ደፋር ሥራ ነው። እሱም ቢሆን ግን የወደቀውን ጭራቅ ስትጨርሰው አእምሮህን ይመልስልሃል፤ እዚያች ላይ አዝናለሁ።

ጣሪያውን ማን አስታወሰ ካልከኝ በ2015 የወጣው ብለድቦርን ነው። ሠሪዎቹ ሂዴታካ ሚያዛኪ እና ፍሮምሶፍትዌር መለኪያውን ገለበጡት፤ የሚቆጠረው ያጣኸው አእምሮ መሆኑ ቀረና ያገኘኸው ማስተዋል ሆነ። ማስተዋልህ ዜሮ ሲሆን በጌሙ ውስጥ ያለችው አሻንጉሊት በድን ናት፤ አንድ ስታገኝ ተነሥታ ታናግርሃለች። እየጨመረ ሲሄድ የጠላቶችህ ፋኖስ ዓይን ያበቅላል። 40 ሲደርስ ስንት ጊዜ በሥሩ ያለፍክበት የካቴድራል ሕንፃ ላይ አንድ ግዙፍ ፍጡር ተጣብቆ ታያለህ። አሁን አልመጣም፤ እዚያው ነበር። ባወቅክ ቁጥር ደግሞ ለእብደት ይበልጥ ትጋለጣለህ። ጭራቁን ገና ሳታሸንፈው፣ በማየትህ ብቻ ማስተዋል ይጨመርልሃል። «እዚያም'ኮ አማልክት ትገድላለህ!» እገድላለሁ፤ በተሰወረው መጨረሻ ላይስ ምን ሆኜ እወጣለሁ? ከእነሱ እንደ አንዱ ሆኜ፣ ጨቅላ ሆኜ። የኢንስማውዙ ተራኪም ከሸሻቸው ሰዎች ዘር መሆኑን አውቆ ወደ ባሕሩ ሊገባ ሲዘጋጅ ነው የምንለየው። ሚያዛኪ ያንን መጨረሻ ቃል በቃል ሳይቀዳ በሕጉ አደረሰው።

አንድ የተከበሩ አንባቢ ደግሞ «ልጄ፣ የማይገለጸውን ነገር መጽሐፍ እንጂ ስክሪን አይችለውም» አሉኝ። አክብሬዎታለሁ፤ ነገር ግን የላቭክራፍትን «የማይገለጽ» በጣም አምነውታል። በ1936 በታተመው የአንታርክቲካው ታሪኩ ውስጥ በበረዶ ሥር የተገኙትን ፍጡራን በእግርና በኢንች ለክቷቸዋል፤ አካላቸው፣ ክንፋቸው፣ አንድም አልቀረው። ሲያስፈልገው ይገልጻል፣ ሲያስፈልገው ይደብቃል። መደበቁን ደግሞ ጌምም ያውቅበታል። በስዊድኑ ፍሪክሽናል ጌምስ በ2010 የተሠራውን አምኔዥያን ይመልከቱልኝ። ውኃ በሞላው ምድር ቤት ውስጥ የሚያሳድድዎ ነገር አይታይም። የሚታየው ውኃው ላይ የሚረግጠው እግር የሚረጨው ብቻ ነው። ከሣጥን ወደ ሣጥን ይዘላሉ፣ ርጭቱ ይከተልዎታል። በዚያ ጌም ውስጥ አንድም መሣሪያ የለም፤ ሌሎቹን ጭራቆች ትክ ብሎ ማየት ራሱ አእምሮን ያሳጣል፣ ጨለማ ውስጥ መደበቅም እንዲሁ። መጽሐፍ ላይ ተራኪው «ማየት አልቻልኩም» ሲል ያምኑታል፤ እዚህ ፊትዎን የሚያዞሩት እርስዎ ነዎት።

«ማሸነፍ ከሌለው ማን ይገዛዋል?» ላልሽኝ እህቴ፣ ድሬጅን ጋበዝኩሽ። በ2023 የኒውዚላንዱ ብላክ ሶልት ጌምስ ያወጣው የዓሣ ማስገር ጨዋታ ነው። ቀን ታጠምጃለሽ፣ ትሸጫለሽ፣ ጀልባሽን ታሻሽያለሽ። ሌሊት ከቆየሽ ፍርሃት ይገባሽና ያልነበረ አለት ከፊትሽ ይወጣል። የተበላሸው ዓሣ፣ ያ ያልሆነ ቦታ ዓይን ያወጣው፣ ከጤነኛው በላይ ዋጋ ያወጣል። ታዲያ አስቀድመሽ የምትገቢ ይመስልሻል? አንድ ተጨማሪ ልያዝ ብለሽ ትመሻለሽ። ያሸነፍሽ እየመሰለሽ የምትጠፊበት ጨዋታ ነው።

አሁን ከባዱ መጣ። «ጥቁርን እንደዚያ የናቀ ሰው ያንተ ጉዳይ ምንድን ነው?» ትለኛለህ። ንቀቱን አልሸፍንለትም። በደብዳቤዎቹም በታሪኮቹም ዘረኛ ነበር። ብሩክሊን ሲኖር ስደተኛው ጎረቤቱ አስፈርቶት በ1927 የታተመውን የሬድ ሁክ ታሪክ ጻፈ፤ ዛሬ ቢመለስ በዚያው ጎዳና ላይ የሚያስደነግጡት የእኔና ያንተ ዘመዶች ናቸው። ጉዳዬ የሆነው ለዚህ ነው! ቪክቶር ላቫል የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ደራሲ በ2016 ያንኑ ታሪክ በሃርለም ጥቁር ዓይን መልሶ ጻፈው፤ በየቀኑ የሚጠላው ፖሊስ ለከበበው ሰው፣ የማያውቀው ኅዋ ይህን ያህል እንደማያስፈራ አሳየ። ላቭክራፍት ያላሰበውን ጥያቄ ላቭክራፍትን ጠየቀው።

ጌም ግን እዚህ ላይ ወደኋላ ይቀራል። ኪየቭ ላይ በተመሠረተው ፍሮግዌርስ በ2019 የተሠራው «ሲንኪንግ ሲቲ» ሲከፈት በዘመኑ የነበረውን በደል እንደማይሸፍን ይናገራል፤ ከኢንስማውዝ ተሰድደው የመጡትን ዓሣ መሰል ሰዎችም ከተማው ሲገፋቸው ያሳያል። መልካም ነው፤ እኔ ግን የምጫወተው በመርማሪው እግር ነው፣ በተገፋው አይደለም። የኢንስማውዝን ታሪክ መጀመሪያ አስበው፤ የመንግሥት ኃይል ከተማውን ይወርራል፣ ቤቶችን ያቃጥላል፣ ነዋሪዎቹን ያፍሳል፤ ስለ እስረኞች ካምፕም ይወራል። ያ ሁሉ የሚደርሰው መልካቸው ደስ በማይል ሰዎች ላይ ነው። ዳርክ ኮርነርስ በዚያ ወረራ ውስጥ ከወራሪዎቹ ጋር አሰልፎ ያስተኩሰኛል። አንድ ጊዜ ደግሞ በሆቴሉ ማዶ ካለው ቤት ውስጥ አስቀምጡኝ፤ በሬን የሚሰብረው ባለ መለዮ ይሁን።

«እሺ፣ አንተ ብትሆን የትኛውን ትሠራ ነበር?»

በ1927 አሜዚንግ ስቶሪስ ላይ የወጣውን፣ ከጠፈር ስለመጣው ቀለም የሚተርከውን። ናሆም ጋርድነር የሚባል ገበሬ ጉድጓዱ አጠገብ ከሰማይ ድንጋይ ወደቀበት። በዚያው ዓመት ፍሬው አምሮ፣ ገዝፎ ወጣ፤ ሲቀምሱት መራራ ነው። ከብቶቹ ግራጫ ሆነው ይሰባበሩ ጀመር። ቤተሰቡ አንድ በአንድ አለቀ። ምንም የሚተኮስበት ነገር የለም፤ ያለው ውኃ፣ አፈርና ምድር ላይ ስም የሌለው አንድ ቀለም ነው። እኔ የእርሻ ጌም አድርጌ እሠራዋለሁ። የእርሻ ጌም የገባው ቃል አለ፤ ዘርተህ ውኃ ካጠጣህ ታጭዳለህ። ያንን ቃል ቀስ ብዬ አፈርሰዋለሁ። የመጀመሪያው መኸር የደስታ ይሁን፤ የገበያው ዋጋ በሁለተኛው ይወድቃል፣ በሦስተኛው ጎረቤት ሰላምታ ያቆማል።

«ቀለሙንስ እንዴት ታሳያለህ? ስክሪን'ኮ ያለው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብቻ ነው።»

አላሳይም! በ2019 ኒኮላስ ኬጅ የተወነበት ፊልም ሐምራዊ አድርጎ ቀባው፤ ያምራል፣ ግን ሐምራዊን አውቀዋለሁ። እኔ የሌለውን ከመጨመር ያለውን እነሣለሁ። መጀመሪያ አረንጓዴው ከቅጠሉ ይሂድ፣ ቀጥሎ ቀዩ ከልጆቹ ጉንጭ፤ ጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ብቻ ሙሉ ቀለሙን ይዞ ይቅር። ተጫዋቹ ቀለም ናፍቆት በራሱ እግር ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል።

«ማምለጫስ?»

አለው። የግቢው በር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ክፍት ነው፣ ቁልፍም ጠባቂም የለው። ናሆም ጥሎ አልወጣም፤ ሦስት ወቅት የለፋበትን እርሻ ተጫዋቹ ጥሎ ይወጣ እንደሆነ እንየው።

«ማን ይጫወተዋል ይሄን?»

እኔ፤ በወጣበት ቀን።