«ኖ ዲስክ»፤ ንባቡና ትርጓሜው

የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን አንዲት ቃል ይዘው «አንድም» እያሉ ማምሸት ያውቁበታል። ይህ ጥናት የሚመረምረው ንባብ ሁለት ቃል ብቻ ነው። የሚገኘውም ብራና ላይ ሳይሆን ሳሎን ውስጥ፣ ቡፌ ላይ፣ ዳንቴል በለበሰ የዲቪዲ ዴክ ግንባር ላይ ነው። ንባቡ «ኖ ዲስክ» ይላል። ዲስኩ ግን ገብቷል፤ ሲገባ ቤተ ዘመዱ ሁሉ አይቷል።

ለጥናቱ የተመረጠው ናሙና የሰርግ ሲዲ ነው። ትክክለኛ ስሙ ዲቪዲ ቢሆንም፣ ክብና የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ በቤቱ ሲዲ ስለሚባል ጥናቱ የቤቱን ስም አክብሯል። ሲዲው ከፋብሪካ አልመጣም፤ አንድ ቪዲዮ ቤት ኮምፒውተር ላይ በርን የተደረገ ነው። ፊቱ ላይ የሙሽሮቹ ፎቶ ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ያምራል። ወደ እሱ እንመለሳለን።

አንድም፤ ሲዲው ቆሽሿል። ይህ ቀደምትና ብዙ ተከታይ ያለው ትርጓሜ ነው። የቤቱ አባወራ ሲዲውን ያወጣል፣ እፍ ይልበታል፣ በሸሚዙ ጫፍ ዙሪያውን ይወለውለዋል። መነሻው ስህተት አይደለም፤ ሲዲውን ወደ መስኮት ዘንበል ላደረገው ሰው ከጥብስ የተነሣ አውራ ጣት አሻራው ከነመስመሩ ይታያል። ስህተቱ ዙሪያውን መወልወሉ ላይ ነው። መረጃው የተጻፈው ከመሃል ወደ ዳር በሚዞር አንድ ረጅም መስመር ሲሆን፣ በዙር እና በዙር መካከል ያለው ርቀት 0.74 ማይክሮን ነው። 70 ማይክሮን የሚወፍር አንድ ጸጉር ከ90 በላይ ዙሮችን ይጋርዳል። መስመሩን አቋርጦ የሚያልፍ ጭረት ከየዙሩ ጥቂት ጥቂት ስለሚቆርስ ዴኩ የጎደለውን በስሌት ይሞላዋል፤ ከመስመሩ ጋር አብሮ የሚዞር ጭረት ግን ተከታታዩን ጠራርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ የሚጠረገው ከመሃል ወደ ዳር፣ በቀጥታ ነው። አባወራው ይህ ቢነገረውም ዙሪያውን መጥረጉን አይተውም፤ ሰሃን የሚታጠበው እንደዚያ ነውና።

አንድም፤ ተጭሯል። የዚህ ትርጓሜ መድኃኒት የጥርስ ሳሙና ነው። ጥናቱ እዚህ ላይ ለመሳቅ ተዘጋጅቶ ነበር፤ አልሆነለትም። የዲቪዲ መረጃ የተኛው እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊ ሜትር በሚወፍሩ ሁለት ፕላስቲኮች መሃል ነው። ላይ ላዩን የሚታየው ጭረት መረጃውን ሳይሆን መረጃው የሚታይበትን መስኮት ነው ያበላሸው፤ የጥርስ ሳሙና ደግሞ ስስ ጭረትን በእርግጥ ያለሰልሳል። የማይችለው፣ መጀመሪያውኑ በወጉ ያልተጻፈውን መጻፍ ነው።

አንድም፤ ዴኩ ነው። የዚህ ወገን ምርመራ ዴኩን በመዳፍ ጎኑን መምታት ነው። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የተገዛ ፊልም ያስገባሉ፤ ፊልሙ ቁጭ ብሎ ይሠራል፤ ክርክሩም ያለቀ ይመስላል። አላለቀም። የፋብሪካ ሲዲ መረጃው በብረት በተለበጠ ፕላስቲክ ላይ የተቀረጸ ጎድጓዳ ነው። በርን የተደረገው ግን ቀለም ነው፤ ጨረር አጥቁሮ የጻፈበት ስስ ቀለም። ዓይኑ የደከመ አሮጌ ዴክ የመጀመሪያውን ያነባል፣ ሁለተኛውን አያነብም። እየተጠፋ የሚጻፍበት ዓይነት፣ አርደብሊው የሚባለው፣ ከሚደርስበት ብርሃን የሚመልሰው ከ18 እስከ 30 በመቶ ብቻ ነው፤ ተራው የፋብሪካ ሲዲ ከ45 እስከ 85 በመቶ ይመልሳል። ዴኩ በቂ ብርሃን ካልተመለሰለት «ኖ ዲስክ» ይላል። ያላየውን አላየሁም ማለቱ ነው፤ በሳሎኑ ውስጥ ይህን ያደረገ ሌላ የለም።

በርን ከሚደረጉት ሲዲዎች ፕላስና ማይነስ የሚባሉ ሁለት ወገኖችም አሉ። ማይነሱ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ፕላሱ በ2002 ወጣ፤ የየራሳቸው ኩባንያዎች ነበሯቸው። እንደ ቦሩ ሜዳ ያለ ጉባኤ ስላልተጠራላቸው ጉዳዩ ሳይወሰን፣ ሁለቱንም የሚያነቡ ዴኮች ተሠርተው ነገሩ በዝምታ አለፈ። አሮጌ ዴክ ያለው ሰው ማይነሱን ቢመርጥ ይሻለዋል።

አንድም፤ ሲዲው ፊልም አይደለም። ይህን ያመጣው ኮምፒውተር የሚነካካው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ዕድሜው ከተርጓሚዎቹ ሁሉ ስለሚያንስ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው። ልጁ ሲዲውን ላፕቶፕ ላይ ይከፍታል። ውስጡ ቪዲዮ ቲኤስ የሚባል ፎልደር፣ በፎልደሩም ከ1 ጊጋባይት የማይበልጡ ቪኦቢ የተባሉ ፋይሎች ካሉ ፊልም ነው። አንድ ረጅም ኤምፒ4 ብቻ ከተገኘ ግን ሲዲው ዘንቢል ነው፤ ቪዲዮ ተቀምጦበታል እንጂ ዴክ እንዲያጫውተው አልተሰናዳም። በርን ያደረገው ሰው ፋይናላይዝ ሳያደርግ አውጥቶትም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ሲዲ በሩ አልተዘጋም፤ የተወለደበት ማሽን ላይ ይሠራል፣ ሌላው አያውቀውም።

አንድም፤ የአገር ነው። ሲዲው ከበርበሬና ከሽሮ ጋር በሰው እጅ ዋሺንግተን ደርሶ እምቢ ሲል፣ አጎትየው «ኮድ አለው» ይላሉ። ኮድማ አለ፤ አሜሪካ 1፣ አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች 2፣ ኢትዮጵያ 5 ናት። ኮዱ የሚቆለፈው ግን በፋብሪካ ፊልም ላይ ነው፤ የሰርግ ሲዲ አብዛኛውን ጊዜ ቁልፍ የለበትም። ችግሩ ቪዲዮው ፓል በሚባለው የምስል ሥርዓት መሠራቱ ነው። የአዲስ አበባው ሰርግ በሰከንድ 25 ምስል ይሄዳል፣ የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ወደ 30 ገደማ፤ ብዙ የአሜሪካ ዴኮች ፓልን አይቀበሉም። ላፕቶፕ ላይ ያለ ክርክር ይከፈታል። አጎትየው ግን ሰርግ በላፕቶፕ አያዩም።

አሁን ወደ ኬኩ። ቤተ ዘመዱ ሁሉ የሚስማማበት አንድ ምልከታ አለ፤ ሲዲው የሚሠራ ቢሆን እንኳ ኬኩ ሊቆረስ ሲል ይይዛል። ሙሽራዋ ቢላዋውን እንዳነሣች ፊቷ ወደ ትንንሽ ካሬዎች ይበተናል፤ ሚዜው አፉን እንደከፈተ ይቀራል። ይህን የሰው ዓይን ነው ያሉ አሉ። ሲዲ ግን የሚጻፈው ከመሃል ጀምሮ ነው፤ የጠዋቱ ኩል መሃል ላይ፣ ኬኩ ዳር ላይ ይውላል። እጅ የሚይዘው ዳሩን ነው። ጥቂት ያፈነገጠ ወረቀት ሲዲውን ሲያንቀጠቅጠው የሚብሰው ዳሩ ላይ ነው። ቀለሙ ወጥነት የሚያጣው ዳሩ አካባቢ ነው። በርነሩም ወደ ዳር በሄደ ቁጥር ፍጥነት ይጨምራል፤ 16 እጥፍ የሚባለውን ፍጥነት የሚደርሰው እዚያ ሲደርስ ነው። ቪዲዮ ቤቱ ደግሞ ምንም እንዳይቀርበት 4.7 ቢሊዮን ባይቱን እስከ ጠርዙ ሞልቶታል። በ4 እጥፍ ፍጥነት በርን ቢደረግ 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ በ16 እጥፍ ስድስት ደቂቃ አይሞላም። የኬኩ ዕጣ የተቆረጠው በዚህ የዘጠኝ ደቂቃ ልዩነት ነው፤ ሸሚዙም፣ ሳሙናውም፣ መዳፉም የመጡት ከዚያ በኋላ ነው።

የሰርግ ሲዲ ቤቱ ያለው አንባቢ ወረቀቱን ለመላጥ አይሞክር፤ ከነገላው ሊመጣ ይችላል። የሚከፍት ላፕቶፕ ዛሬ ፈልጎ ወደ ፍላሽ ይገልብጠው፤ ሲገለብጥም ከመጨረሻው ቪኦቢ ይጀምር።